የከሳሽ ሚዛን፤ ስለ ምክትል ፕሬዚዳንት አግኒው መውደቅ

ዳኛ ሲያዳላ ሕዝብ ያየዋል። ዳኛ በአደባባይ ተቀምጦ፤ የግራና የቀኙን ቃል ሰምቶ፤ ፍርዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራልና፤ ቢያጣምም የሰማው ሁሉ ይመሰክርበታል። ዐቃቤ ሕግ ሲያዳላ ግን የሚያየው የለም። ያልተከፈተ መዝገብ ድምፅ የለውም፤ ያልተጠራ ምስክር አይናገርም፤ ያልተጻፈ ክስም በማንም ፊት አይነበብም። ስለዚህ ከዳኛው ወንበር ይልቅ የከሳሹ ጠረጴዛ ለኅሊና የሚያስፈራ ስፍራ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በቀድሞው ሥርዓታችን፤ በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን፤ በዳዩን ይዞ ወደ ዳኛ የሚቀርበው የተበደለው ሰው ራሱ ነበረ። የተሰረቀው በሬ የራሱ ነውና ልክሰስ ወይስ ልተው የማለቱም ምርጫ የራሱ ነበረ። በአዲሱ ሕግ ግን በወንጀል ነገር ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ስለ መንግሥትም ሆኖ የሚናገረው ዐቃቤ ሕግ ነው። እርሱ የሚያስፈልገው በሬ የሕዝብ እንጂ የራሱ አይደለም። ቢተው የሚተወው የሌላውን ገንዘብ ነው፤ ቢምርም የሚምረው በሌላው ላይ የተፈጸመውን በደል ነው። ሆኖም ሕግ ይህን የመክሰስና የመተው ምርጫ ሰጥቶታል፤ ለጥፋት ሁሉ የሚበቃ ችሎት፤ ለክስም ሁሉ የሚበቃ ማስረጃ በየትም አገር አይገኝምና።

ታዲያ ተከሳሹ ትልቅ ሰው፤ ክሱም አገር የሚያናጋ በሆነ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማብሰልሰል በታሪክ የሆነውን መመልከት ይሻላል። ስለዚህ ወጣት አንባቢዬን ወደ አሜሪካ፤ ወደ ሜሪላንድ ክፍለ ሀገር እወስደዋለሁ። ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስፒሮ አግኒው ከግሪክ አገር የፈለሰ ሰው ልጅ ነበረ። በ1918 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት አገለገለ፤ ሕግ ተምሮም ጠበቃ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የባልቲሞር አውራጃ አስተዳዳሪ፤ በ1966 ዓ.ም. የሜሪላንድ አገረ ገዥ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ከሪቻርድ ኒክሰን ጋር የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከአንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ከመንግሥቱ ሁለተኛ ስፍራ ለመድረስ የፈጀበት ስድስት ዓመት ብቻ ነው። በየስብሰባውም ስለ ሕግና ስለ ሥርዓት መከበር አጥብቆ ይናገር፤ ሰላማዊ ሰልፈኞችንና ጋዜጠኞችን በብርቱ ቃል ይገሥጽ ነበረ። ብዙ ሕዝብም ቀጥተኛ ሰው ነው ብሎ ወደደው።

በዚያው ጊዜ በሜሪላንድ የፌዴራሉ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጆርጅ ቢል ነው። የሹመቱም ሆነ የቤተ ሰቡ ነገር መታወቅ አለበት። አባቱ የሪፑብሊካን ፓርቲ ሰውና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበረ፤ ወንድሙም በዚያ ዘመን በዚያው ምክር ቤት ተቀምጦ ነበር። ቢልን ለዚህ ሥራ የሾመው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነው። እንግዲህ አግኒው ለቢል የፓርቲው አለቃ፤ ለወንድሙም የፖለቲካ ወዳጅ ነበረ።

በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቢልና ሦስት ወጣት ረዳቶቹ፤ ባርኔት ስኮልኒክ፤ ራስል ቤከርና ሮናልድ ሊብማን፤ በባልቲሞር አውራጃ ስለሚሰጥ ጉቦ መመርመር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የአውራጃው አስተዳዳሪ ዴል አንደርሰን የሚባል የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ነበረ፤ ምርመራውም የተጀመረው በእርሱ አስተዳደር ላይ እንጂ ማንም አግኒውን አስቦ አልነበረም።

የጉቦው መንገድ ቀላል ነበረ። መንገድ፤ ድልድይና የውሃ ቦይ ሲሠራ ንድፉን የሚያወጡት መሐንዲሶች የሚመረጡት በጨረታ አልነበረም፤ ባለሥልጣኑ በወደደው ነበረ እንጂ። ስለዚህ ሥራ የሚፈልግ መሐንዲስ ከሚያገኘው ገንዘብ ከመቶ ይህን ያህል ብሎ እየቀነሰ ለሹሙ ያመጣ ነበር። ገንዘቡ በቼክ አይከፈልም፤ በፖስታ ታሽጎ በእጅ ይሰጣል። ተቀባዩም አይቈጥረውም፤ ሰጪውም ደረሰኝ አይጠይቅም። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን መሐንዲሱ ያንን ጥሬ ገንዘብ ከድርጅቱ ለማውጣት የሐሰት ሒሳብ መጻፍ ግድ ሆነበት። ሒሳብም አንድ ቀን ይመረመራል።

መዝገቦቹ በ1973 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተጠርተው በተመረመሩ ጊዜ መሐንዲሶቹ ፈሩ። ከእስራት ለማምለጥ የሚያውቁትን ለመናገር ተስማሙ፤ ሲናገሩም ነገሩ ከአንደርሰን አለፈ። ከእርሱ በፊት ለነበረው አስተዳዳሪ ለአግኒውም ይከፍሉ እንደ ነበረ፤ አገረ ገዥ በሆነም ጊዜ ክፍያው እንዳልተቋረጠ ገለጹ። ከእነርሱም አንዱ አግኒው ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ዐሥር ሺህ ዶላር ያህል በፖስታ አድርጎ እስከ ቢሮው ድረስ ወስዶ እንደ ሰጠው ተናገረ። ይህ ሰው ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ጉቦ መስጠቱን ባሰበ ጊዜ በገዛ ሥራው ደነገጠ።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዬ ቆም ብሎ ያስብ። የዐቃቤ ሕጉ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነበረ። የያዘው የሌላ ፓርቲ ሰው ነው፤ እርሱን ከስሶ ነገሩን በዚያ ቢዘጋው ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም የገዛ ፓርቲው ያመሰግነዋል። ምስክሩን ስለ ቀድሞው አስተዳዳሪ አትንገረኝ ማለትም አያስፈልገውም ነበር፤ አለመጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። የማዳላት ሁሉ ረቂቁ ይህ ነው፤ ውሸት ሳይናገሩ፤ ሰነድ ሳይቀዱ፤ አንዲት ጥያቄ በመተው ብቻ ይፈጸማል።

ግፊትም አልቀረም። በአፕሪል 1973 ዓ.ም. አግኒው የኒክሰንን የጽሕፈት ቤት ሹም ሃልድማንን አስጠርቶ፤ ለዐቃቤ ሕጉ ወንድም እንዲናገርለት መለመኑን ሃልድማን ራሱ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። ቢል ግን ረዳቶቹን ከዚህ ነፋስ ከለላቸው፤ ማስረጃው ወደሚመራበት ሂዱ አለ እንጂ መንገድ አልዘጋባቸውም። በወንድምና በሕግ መካከል የቆመ ሰው ሕግን ሲመርጥ ማየት የዘወትር ነገር አይደለምና ስሙ ሊታወስ ይገባዋል።

በጁላይ 1973 ዓ.ም. ቢልና ረዳቶቹ ወደ ዋሽንግተን ሄደው ነገሩን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለኤሊዮት ሪቻርድሰን ነገሩት። ሪቻርድሰን በኖርማንዲ ወረራ ጊዜ ቁስለኛ ሲያነሣ የነበረ ወታደር፤ በኋላም ራሱ በማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ጉቦኞችን ሲከስ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ወር በኒክሰን ላይ የዋተርጌት ምርመራ ተፋፍሞ ነበር፤ በጁላይ 16 ቀን ፕሬዚዳንቱ በቢሮው የሚነገረውን ሁሉ በድምፅ መቅረጫ ይቀዳ እንደ ነበረ ለሕዝብ ተገለጸ። እንግዲህ የአንደኛው ወንበር ሲነቃነቅ ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጉቦ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ኒክሰን ቢወርድ ወይም ቢሞት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንት የሚሆነው አግኒው ነው።

ኦገስት 1 ቀን ቢል ምርመራ እየተደረገበት መሆኑን ለአግኒው ጠበቃ በደብዳቤ አስታወቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋዜጦች ጻፉት፤ አግኒውም የተባለው ሁሉ ውሸት ነው ብሎ በጋዜጠኞች ፊት ካደ። ሴፕቴምበር 25 ቀን ክሱን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንዲመረምርለት ጠየቀ፤ አፈ ጉባኤው ካርል አልበርት ግን በማግሥቱ እንቢ አለ። ከዚያም በሎስ አንጀለስ በተሰበሰቡት የፓርቲው ሴቶች ፊት ብከሰስም ሥልጣኔን አልለቅም ብሎ ፎከረ። ጠበቆቹም በሥልጣን ላይ ያለ ምክትል ፕሬዚዳንት ሊከሰስ አይችልም ብለው ተከራከሩ። የፍትሕ ሚኒስቴር ግን በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በወንጀል አይከሰስም፤ ምክትሉ ግን ይከሰሳል ብሎ መልስ ሰጠ፤ ይህንንም ኦክቶበር 5 ቀን ሮበርት ቦርክ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አቀረበ። ስለ ፕሬዚዳንቱ የተሰጠው ያ አሳብ በ2000 ዓ.ም. በዚያው ሚኒስቴር እንደ ገና ጸድቋል።

አሁን ሁለተኛውና ከባዱ ፈተና መጣ። ማስረጃው በእጅ ነው፤ ሕጉም ይፈቅዳል፤ ታዲያ ይከሰስ ወይስ በስምምነት ይሰናበት? ለመክሰስ የሚያበቃው ምክንያት ግልጽ ነበረ። ለድኻ ሌባ ወህኒ፤ ለትልቅ ሌባ ስንብት ከሆነ ሕግ የሸረሪት ድር ሆነ ማለት ነው፤ ዝንቡን ይይዛል፤ ዝሆኑ ግን በጥሶት ያልፋል። ከዐቃብያነ ሕጉም መካከል አግኒው ሳይታሰር መቅረቱን አጥብቆ የተቃወመ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ወራት ሙሉ ሌሊትና ቀን የደከሙ ናቸው፤ ቍጣቸውም የጽድቅ ቍጣ ነው።

ሪቻርድሰን ግን ሌላ ነገር አየ። ክሱ ቢቀርብ ሙግቱ፤ ይግባኙም፤ ምናልባት ዓመታት ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ሲሆን አግኒው በወንበሩ ላይ ነው። በመካከሉ ኒክሰን ቢወድቅ በጉቦ የተከሰሰ ሰው የአገሪቱ ራስ፤ የሠራዊቱም አዛዥ ይሆናል፤ በእርሱ ላይ የሚከራከረውም ዐቃቤ ሕግ የእርሱ ሹም ይሆናል። ስለዚህ ሪቻርድሰን ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ሰው ከወንበሩ ይውረድ አለ። ነገር ግን በስውር እንዲሸሽ አልፈቀደለትም። ሦስት ነገር አስገደደው፤ አንደኛ ሥልጣኑን ወዲያው እንዲለቅ፤ ሁለተኛ በችሎት ቆሞ ጥፋትን እንዲቀበል፤ ሦስተኛ ዐቃብያነ ሕጉ የሰበሰቡት ማስረጃ በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጥ ነው። በለውጡ መንግሥት እስራት አይጠይቅበትም፤ ሌላም ክስ አይጨምርበትም።

ኦክቶበር 10 ቀን 1973 ዓ.ም.፤ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1966 ዓ.ም.፤ አግኒው በባልቲሞር ፍርድ ቤት በዳኛ ዋልተር ሆፍማን ፊት ቆመ። በዚያውም ሰዓት የስንብት ደብዳቤው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለኪሲንጀር ተሰጠ። በ1967 ዓ.ም. ስላገኘው 29,500 ዶላር ግብር ሸሽቷል ለሚለው አንድ ክስ አልከራከርም ብሎ መለሰ፤ ዳኛውም ይህ አነጋገር ጥፋተኛ ነኝ እንደ ማለት መሆኑን ነገረው። ዳኛ ሆፍማን በእንዲህ ያለ ክስ ጥቂት ወራት እስራት መፍረድ ልማዱ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ነገር ግን ሪቻርድሰን በችሎቱ ተነሥቶ ስለ አገር ጥቅም ምሕረት በመጠየቁ 10,000 ዶላር መቀጫና የሦስት ዓመት ገደብ ብቻ ፈረደ። በዚያው ዕለት አርባ ገጽ ያህል የሆነው የማስረጃ ጽሑፍ ታተመ፤ ጉቦው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ አልፎ እንደ ደረሰ ሕዝቡ አነበበ። ከአግኒው በፊት በ1832 ዓ.ም. ሥልጣኑን የለቀቀ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆን ካልሁን ነበረ፤ በወንጀል ምክንያት የለቀቀ ግን አግኒው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገር። በዐሥረኛው ቀን፤ ኦክቶበር 20፤ ኒክሰን የዋተርጌትን መርማሪ አርቺባልድ ኮክስን እንዲያባርር ሪቻርድሰንን አዘዘው፤ ሪቻርድሰን ግን ከማባረር ይልቅ ሥልጣኑን ለቀቀ። ምክትሉ ዊልያም ራክልስሃውስም እንደዚሁ እንቢ አለ። በዲሴምበር ጄራልድ ፎርድ በአግኒው ወንበር ተተካ፤ ኒክሰንም ኦገስት 9 ቀን 1974 ዓ.ም. ሲወርድ ፕሬዚዳንት የሆነው ይህ ፎርድ ነው። አግኒው በወንበሩ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በቤተ መንግሥቱ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው ማን ይሆን እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከውጤቱ አንጻር ሪቻርድሰን ትክክል ነበረ ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን ዋጋውን ሳንቈጥር አንለፍ። ያው ምርመራ የጀመረበት ዴል አንደርሰን በ1974 ዓ.ም. ተፈርዶበት አምስት ዓመት እስራት ተቀበለ። እንግዲህ በአንድ አውራጃ፤ በአንድ ዓይነት ጉቦ፤ በአንድ ወንበር ላይ ተከታትለው ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች ታናሹ ሹም ወህኒ ወረደ፤ ታላቁ ወደ ቤቱ ሄደ። የአገራችን ሰው በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይላል። የሜሪላንድ ሰው ያዘነው ስለ ገንዘቡ ብዛት አልነበረም፤ ፍርዱ ሙሉ ሳይሆን በመቅረቱ ነው እንጂ።

ሌላም ዋጋ አለ። ሙግት ያልተደረገበት ጥፋት እስከ መጨረሻው አይዘጋም። አግኒው በ1980 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፎ ተገድጄ ነው እንጂ ንጹሕ ነኝ ሲል ተከራከረ። ያ አርባ ገጽ ታትሞ ባይቀመጥ ኖሮ ምናልባት ብዙ ሰው ባመነው ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ ሥራውን ቀጠለ። በ1974 ዓ.ም. የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከጥብቅና ሥራ አገደው። ጥቂት ዜጎችም የሕዝቡን ገንዘብ ይመልስ ብለው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ በ1981 ዓ.ም. ተፈረደበት፤ በ1983 ዓ.ም. ከወለዱ ጋር 268,482 ዶላር ለሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ከፈለ። ዐቃቤ ሕጉ የተወውን ሕዝቡ በሌላ በር አገኘው፤ ይህም የሆነው ማስረጃው በአደባባይ ስለ ተገለጠ ነው።

ከዚህ ታሪክ የመክሰስና የመተው ሥልጣን የሚመዘንበትን ሦስት ጥያቄ እናገኛለን። የመጀመሪያው፤ ምሕረቱ የሚጠቅመው ማንን ነው? የሚል ነው። አለቃን፤ ወገንን ወይም ራስን የሚጠቅም ምሕረት ስሙ ምሕረት ቢሆንም ግብሩ ጉቦ ነው። ሪቻርድሰን የተደራደረው ሕዝቡ ከአደጋ እንዲወጣ ነው፤ ለዚህም ምስክሩ ከዐሥር ቀን በኋላ የራሱን ሹመት መጣሉ ነው። ሁለተኛው፤ ይህ ምሕረት ስም ለሌለውስ ሰው ይደረግ ነበርን? የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ የአግኒው ጉዳይ አያልፍም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ሦስተኛው፤ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯልን? የሚል ነው። ሪቻርድሰን በችሎት ቆሞ ምክንያቱን ተናገረ፤ ማስረጃውንም አሳተመ፤ ሕዝቡም እርሱን ራሱን መልሶ ሊመዝነው ቻለ።

እኔ በበኩሌ ሳመዛዝነው ስምምነቱ የሚገባ ነበረ እላለሁ፤ ግን እንደ ድል አልዘምርለትም። ቤት ሲቃጠል ልጁን ለማውጣት በር የሰበረ ሰው መልካም አደረገ ይባላል፤ በሩ ግን ተሰብሯል፤ መጠገንም አለበት። በር መስበርን ልማድ ያደረገ ግን አዳኝ ሳይሆን ወንበዴ ነው። ለአንድ ቀን ጭንቅ የተደረገውን ምሕረት ለዘመን ሁሉ ሥርዓት የሚያደርግ ዐቃቤ ሕግም እንደዚሁ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ ዐቃቤ ሕግ አትሆን ይሆናል። ነገር ግን በምትሠራበት ስፍራ ሁሉ አንድ ትንሽ የመተውና የመያዝ ምርጫ በእጅህ ትወድቃለች። የመጋዘን ጠባቂ ብትሆን የጎደለውን ታያለህ፤ መምህር ብትሆን የኮረጀውን ታውቃለህ፤ ጸሐፊ ብትሆን የተቀበረውን ማመልከቻ ታገኛለህ። የባለጠጋው ልጅ ሲሆን የምትተው፤ የድኻው ልጅ ሲሆን የምትይዝ ከሆነ ሰው ባያይህም ሚዛንህ ተጣሟል። መተው የሚገባ ሆኖ ባገኘኸውም ጊዜ ለምን እንደ ተውህ በሰው ፊት ለመናገር ታፍር እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ፤ ያሳፈረህ እንደ ሆነ አትተው።

ከእኛ መካከል ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት አለ። አግኒው ይህን ተረት ሰምቶት አያውቅም፤ ኖረበት እንጂ። መጨረሻው ግን ተረቱን ገለበጠው፤ በ1996 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ስሙ የሚነሣው በደረሰበት ማዕርግ ሳይሆን በተቀበለው ፖስታ ሆነ። ጆርጅ ቢል ግን ያችን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ባለፋት ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር። ጠየቀ። ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ይህን ነው።